ቫኗ ጸጥ ያለችበት ክረምት

ሰኞ 2

የበራችን ደወል ሞቷል። ባትሪ ቀየርኩለት፤ ምንም። ውድ የሚባለውን ባትሪ ቀየርኩለት፤ ያው። ሽቦውን ፈትቼ አጸዳሁት፣ ቁልፉን በአልኮል ጠረግኩት፣ በመጨረሻም ሰደብኩት። አንድ ደወል በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሥራ መጮኽ ብቻ ነው። እሱንም ከተወ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምን ይጠብቃል? ፖስተኛው «ሦስት ጊዜ ደውዬ ሰው አጣሁ» የሚል ወረቀት በበሩ ሥር አስገብቶ ሄዷል። እኔ ከበሩ አራት እርምጃ ርቄ ድንች እየላጥኩ ነበር። ሰው በጽሑፍ እንዲህ ሲዋሽ ይገርማል።

ይህ ደብተር የእኔ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ለቫኗ የጥገና መዝገብ ብላ ሁለት ደብተር ገዛች፤ አንዱ በቃ፤ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ሲተኛ አሳዘነኝ። መዝገብ በመታወቂያ ይጀምራል ትላለች፤ እኔም እታዘዛለሁ።

ባለ ደብተር፦ ስድሳ አንድ ዓመት፣ ምንጣፍ አጣቢ፣ ከትምህርት ቤት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በስምምነት የተለያየ።
ተሽከርካሪ፦ ነጭ ቫን። ሆዷ ውስጥ የውሃ ታንከር፣ ማሞቂያና ትልቅ መምጠጫ ሞተር ተሸክማለች። ስለዚህ ስሟ ነፍሰ ጡሯ ነው።
ተቆጣጣሪ፦ የሟች እህቴ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ዘንድ ያደገች። ስም አላት፤ ግን ብዕርና መዝገብ ከያዘች ወዲህ ተቆጣጣሪ ነው የምላት። ስትደሰት አንተ ትለኛለች። ስትናደድ አንቱ። በእኛ ቤት አክብሮት የቁጣ ምልክት ነው።

ሐሙስ 5

ሐሙስ የነፍሰ ጡሯ ቀን ነው፤ ምንጣፍ አንነካም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ዘይት ቀየርኩ። የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ። ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ መግባት የሚገባውን ያህል ብቻ ገባ። የቆሻሻ ውሃውን ወንፊት ስከፍት የሕፃን ካልሲ አገኘሁ፤ ከማን ቤት እንደመጣ አይታወቅም፤ አጥቤ አሰጣሁት።

ከዚያ ዋናው ምርመራ። ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቼ ጫፉን መምጠጫው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ አቆምኩ፤ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ገጠምኩ። ይህን ያስተማረኝ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ ኩሽኔታ ሳይሞት የማወጣው እንዲህ እያዳመጥኩ ነው። ግራሶ እንኳ፣ እጁ ከግራሶ ተለይቶ የማያውቀው የጋራዡ ወዳጄ፣ ሲጠራጠር እኔን ይጠራል። ዛሬ አዳመጥኩ። ጸጥታ። እንዲህ ያለ ጤነኛ ኩሽኔታ ገጥሞኝ አያውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች።

«ይጮኻል» አለች።

«ማን?»

«ኩሽኔታው ነዋ። ሲጥ ሲጥ ይላል፣ በቀጭኑ። አይሰማህም?»

«እሱ የቦርሳሽ ዚፕ ነው።»

«ሞተሩ እየሠራ የቦርሳዬ ዚፕ ተሰማህ?»

«ወጣት የሌለ ድምፅ ይሰማል። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይሰማኝ ነበር።»

«በእኔ ዕድሜማ ያለውን ነበር የምትሰማው።»

መዝገቡ ላይ «ኩሽኔታ፦ ድምፅ አለው፤ ይቀየር» ብላ ጻፈች። እኔ ከሥሩ «የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

ቅዳሜ 7

አንድ ቢሮ፣ አምስተኛ ፎቅ። ቫኗ መንገድ ዳር፤ እኔ ከሞተሩ ጋር፤ እሷ ላይ ከመጥረጊያ ዘንጉ ጋር። በመካከላችን በመስኮት የወጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ሙቅ ውሃ ያወጣል፣ አንዱ እድፉን መጥጦ ያወርዳል። ስልክ እርጥብ እጅ ስለማይወድ የራሳችን ቋንቋ አለን። የዘንጉን አፍ በመዳፏ ስትዘጋው ታች ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ድምፁ ይወፍራል። አንዴ ከዘጋች «ሙቀት ጨምር» ነው። ሁለቴ ከሆነ «ውሃ ዝጋ»። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ከሆነ ደግሞ «አጎቴ፣ ተኛህ እንዴ?» ማለት ነው። ይቺን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው የፈጠረቻት፤ ለሥራ ምንም አትጠቅምም። በዓለም ላይ ይህን ቋንቋ የምንናገር ሁለት ሰዎች ነን።

«ሦስቴ ሙቀት ጨምር ብዬሃለሁ» አለች ዛሬ ስትወርድ። «በቀዝቃዛ ውሃ ነው የጨረስኩት።»

ሦስቴ ብላ ቢሆን አንዷ እንኳ አታመልጠኝም ነበር። ምናልባት መዳፏ ከስቷል። ምሳ በደንብ እንድትበላ መከርኳት።

ማክሰኞ 10

ትልቅ መሻሻል። ሰዎች ከጣሏቸው ምንጣፎች ቁራጭ ሰብስቤ የቫኗን የውስጥ ግድግዳ በሙሉ አለበስኩት፤ ጣሪያዋን ሳይቀር። ሙጫው ሁለት ጣቶቼን አጣብቆ ስለነበር ሻይ ስጠጣ የሚባርክ ቄስ እመስል ነበር። ውስጧ አሁን ሳሎን ነው። ሞተሩን አስነሳሁ። ተቆጣጣሪዋ ትሰማዋለች የሚባለው ሲጥታ ድምጥማጡ ጠፍቷል።

«ምን ነገርኩሽ» አልኳት።

እሷ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግራ ቆመች። ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መዝገቡ ሄደች።

ይህ ትውልድ ምስጋና አያውቅም።

ረቡዕ 11

ሰዎች ዘንድሮ ድምፃቸውን ቀንሰዋል። ዳቦ ሻጯ ታንሾካሽካለች። የሬዲዮ ዜና አንባቢውም። ምናልባት የምሥራች የለም፤ ክፉ ዜና ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ሰኞ 16

ቆመች። ሥራ መሃል። ጭስ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ሞተሩን አጠፋሁ። ምንጣፉ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ያው። የቤቱ ሰውዬ ግማሹን ብቻ መርገጥ እንችላለን ወይ አለ። ግራሶ በገመድ ጎትቶ ወሰደን። ተቆጣጣሪዋ መንገድ ሙሉ ዝም። ወይም ተናግራለች።

ዓርብ 20

ግራሶ ኩሽኔታውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ በውስጡ ያሉት የብረት ጥይቶች ተፈጭተዋል።

«ይሄ ወር ሙሉ ሲያለቅስ ነው የከረመው» አለ። ግራሶ የተፈጠረው በመዶሻ ድምፅ መሃል ለማውራት ነው፤ እሱን የማይሰማ የለም። «ጎረቤት ይሰማዋል። ድመት ይሸሸዋል። አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እና?»

«ምንጣፉ አፍኖት ይሆናል።»

«የትኛው ምንጣፍ?»

የቫኗን በር ከፍቼ አሳየሁት። ግራሶ ውስጧን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ለቅሶ ቤት ቆመ።

«የታመመ ሰው አፍ ላይ ትራስ አድርገህ፣ አሁን ተሽሎታል አልክ» አለ።

ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። ግራሶ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ስለ ዋጋ ነው። ስለ ዋጋ ሲሆን ግን ሰው ያን ያህል አዝኖ አያየኝም።

አዲስ ኩሽኔታ ገባ። ቺንጋውም ተቀየረ። ነፍሰ ጡሯ ተመልሳ ጸጥ አለች። መጀመሪያም ጸጥ ብላ ነበር። እንግዲህ የትኛው ጸጥታ የትኛው እንደሆነ…

ይኸው ዝናብ ጀመረ።

ሰኞ 23

የአንዲት ጡረተኛ ዳኛ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከአያቷ የወረሰችው ትልቅ ቀይ ምንጣፍ። የሆነውን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ረጅሙን ዳኛዋ ይዛዋለች።

የሙቅ ውሃው ቱቦ ማገጣጠሚያ ሳሎን መሃል ተነቀለ። ተቆጣጣሪዋ ሁለቴ ዘጋች፤ «ውሃ ዝጋ»። እንደምትለው ደግማ ዘጋች፤ ደግማ። ከዚያ መስኮት ላይ ወጥታ ስሜን ጠራች። ከዚያ ሦስት ፎቅ ደረጃ ሮጣ ወረደች። እኔ ቫኗ ውስጥ ምንጣፍ ተደግፌ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ስለ ንቦች።

ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ደርሷል።

ዳኛዋ ደረጃው ላይ ቆማ ጠየቀችኝ፤ «ልጅቷ ስትጠራዎት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። «እየዘጋሁ ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ አየችኝ። እስከ ጉልበቷ እርጥብ ነበረች። ምንም አላለችም። እስከ ማታ ምንጣፉን መጠጥን፤ ውሃው ወጣ፤ ዝምታው ግን መምጠጫ አይነካውም።

ለምን «ሰምቻለሁ» አልኩ? አልሰማሁም ማለት እኮ ይቀል ነበር። ንብ ላይ ማሳበብ ይቻል ነበር።

ዓርብ 27

የቫኗ የኋላ በር ትንሽ ተጎደጎደ። ግድግዳ። ዝናብ ነበር። መስታወቱ ጉም ለብሶ ነበር። የተቆጣጣሪዋም የግራ እጅ አንጓ ትንሽ። ሐኪም ቤት ስብራት የለም አሉ። የለም አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ የለም አሉ።

ሰኞ 30

ዓርብ ዕለት ያልጻፍኩት አለ።

ቱቦ እየጠቀለለች ከኋላ ነበረች። እኔ የገባች መስሎኝ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ጮኸች። በሩን በመዳፏ ደበደበች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፍራፍሬ ሻጭም ጮኸ። ፍሬን የያዝኩት ሰውዬው ብርቱካን ወርውሮ የፊት መስታወቴን ሲመታው ነው። ብርቱካኗ ፈረጠች። ወርጄ ልቆጣው ስል ጣቱን ወደ ኋላ ቀሰረ።

«አባባ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጮኸ እኮ!» አለኝ።

ሰፈሩ በሙሉ ከጮኸ፣ እንግዲህ ዝናቡ ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ… ጣሪያዋ ደግሞ በምንጣፍ ስለተሸፈነ… አላውቅም። ሐሳቡን መጨረስ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት አንጓዋን በፋሻ አስራ መጣች። ጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እንዳይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። እንዲህ መናገር ከጀመረች ቆይቷል፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

«ሐኪም ጋር ይሂዱ።»

ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አንቱ የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ።

«ለአንድ ጉድፍ ሐኪም?» አልኩ። «በሩን ግራሶ በመዶሻ…»

«ጆሮዎን።»

«ጆሮዬ ሞተር ነው የሚያዳምጠው። ሰው ሲያንሾካሽክ ካልሰማ ጥፋቱ…»

«ጮኼ ነበር» አለች። «አጎቴ ብዬ ነው የጮኽኩት። በግድግዳና በበሩ መሃል ሆኜ።»

ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ አንድ አለኝ። ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው ፈለግኩ፤ ባዶ ነው።

«ጆሮዎን ይታዩ፤ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ ከኋላዎ አልቆምም።» የቫኗን ትርፍ ቁልፍና የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሦስት ቫን ያለው ድርጅት ሥራ እንደሰጣት፣ ማደሪያም ከሥራ ጓደኛዋ ጋር እንዳገኘች ነገረችኝ። ካልሲዋን እንኳ አጣጥፋ ይዛለች።

እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «አደራህን» ብቻ ነው ያለችኝ። ዝርዝር አልሰጠችኝም። ዝርዝር ብትሰጠኝ ኖሮ በመዝገቡ መሠረት እሠራ ነበር።

ማክሰኞ 1

አዲስ ወር። ብቻዬን። የጥገና መዝገቡን የቫኗ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። የመጨረሻው መስመር በእሷ ጽሕፈት ነው፤ በቀኝ እጇ፣ ያው በደህናው።

«27። ችግር፦ ሹፌሩ አይሰማም። እርምጃ፦»

ከእርምጃ በኋላ ባዶ። ብዕሯ ያለቀባት መስሎኝ ነበር፤ ግን ነጥቦቹን ደህና አድርጋ ነው ያስቀመጠቻቸው።

ደብተሩን ዘጋሁት። ጎማ ነፋሁ። የፊቱን፣ የኋላውን፣ ትርፉን። ከዚያ ሌላ የሚነፋ ጠፋ።

ቅዳሜ 5

ሁለት ቤት ብቻዬን አጠብኩ። ሞተር አስነሳለሁ፣ አራት ፎቅ እወጣለሁ፣ ዘንግ እይዛለሁ፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እወርዳለሁ፣ ሙቀት እጨምራለሁ፣ እወጣለሁ። ለራሴ በመዳፌ ምልክት ሰጠሁ፤ ስወርድ ግን የሰጠሁት ሰው ቦታው ላይ አልነበረም።

ጉልበቴ ሲጥ ሲጥ ይላል። እሱ ይሰማኛል። በውስጥ ነዋ።

ሐሙስ 10

የነፍሰ ጡሯ ቀን ነበር፤ ግን ዳኛዋ ጠራችኝ። ምንጣፉ ደርቆ ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ጥሏል፤ መስመሩን አወጣሁ። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ንግግሯ ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው ነው፤ ቃል በቃል፣ ፊት ለፊት። ከእሷ ጋር ማውራት ደስ ይላል።

«ልጅቷስ?» አለች።

«ዕረፍት ላይ ናት።»

«ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ» አለች። «ሰው ሁሉ ከጥፋት ለማምለጥ ‹አልሰማሁም› ይላል። ‹ሰምቻለሁ› ብሎ የዋሸኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። በራሱ ላይ የከፋውን ክስ የመረጠ አይቼ አላውቅም።»

«ይግባኝ ይቻላል?»

«ለእሷ እንጂ ለእኔ አይደለም» አለች፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ የረሳሁትን አንድ ነጥብ በጣቷ አሳየችኝ።

ማክሰኞ 15

መሻሻል፣ ሁለተኛ ዙር። እዚህ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት፦ ዘመኑ የሚጠይቀው ስለሆነ ብቻ የተሠራ ነው።

የኋላ ካሜራ፤ ከሹፌሩ ፊት የምታበራ ትንሽ ቴሌቪዥን ያላት። ግድግዳውን አየሁት፣ የግራሶን ውሻ አየሁት፣ ግራሶ ምላሱን ሲያወጣልኝ አየሁት። ውሃው ሲጎድል የምትበራ ቀይ አምፖል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ሌላ ቀይ አምፖል። ግራሶ ሦስት አምጥቶ ሁለቱ በቁ፤ አንዷ ተረፈች። የጣሪያውንም ምንጣፍ ገነጠልኩት፤ ከሙጫው ጋር ግማሽ ቀን ታገልን።

ዋናው ግን ይህ ነው። የመምጠጫውን ኃይል የሚያሳይ ጌጅ፤ ፊቱ እንደ ሰሃን የሰፋ፣ መርፌው ቀይ። ግራሶ ትንሹን ግጠም አለኝ፤ ትልቁን አልኩ።

«ይሄን ያህል ምን ሊያነብልህ ነው?»

«ሂድና የዘንጉን አፍ በመዳፍህ ዝጋ።»

ሄደ። ዘጋ። መርፌው ዘለለ። ለቀቀ፤ ወደቀ። ደግሞ ዘጋ፤ ዘለለ። አንዴ፣ ሁለቴ። ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ውሃ ዝጋ። እጄ ሳላዘው ወደ መዝጊያው ሄደ።

ግራሶ ተመልሶ መጥቶ መጀመሪያ ጌጁን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። መዶሻውን አስቀመጠ። እሱ መዶሻ ካስቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቫኗን እኮ ጆሮ ገጠምክላት» አለ። «ለራስህስ?»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ጥገና ሠርቻለሁ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ዓርብ 18

ሦስት ሥራ። መርፌው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ዋለ። ችግር የለም ማለት ነው። የሚዘጋው ሰውም የለም ማለት ነው።

ሰኞ 21

ጆሮዬን ላስጠርግ ሄድኩ። ለጽዳት ብቻ፤ እኔ የጽዳት ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ እዚያ በር ድረስ ሄጄ ሰልፍ በዝቶ ተመልሻለሁ። አንዴ ሰልፉ አንድ ሰው ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጆሮዬን በመብራት አየችና «ንጹሕ ነው» አለች። ቅር አለኝ። ከዚያ ስልክ ቤት የምታክል ክፍል ውስጥ አስገባችኝ፤ ግድግዳዋ በሙሉ ምንጣፍ ለብሷል። ሥራው ከእኔ ይሻላል፤ ማዕዘኖቹ ተጣጥፈው ነው የተሰፉት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ገጠመችልኝ፣ እጄ ላይ ቁልፍ ሰጠችኝ። ድምፅ ሲሰማኝ እንድጫን። እሷ ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹን ሰማሁ። ከዚያ ቀጠኑ። ከዚያ ግን የሴትዮዋ ቀኝ ትከሻ ድምፅ በለቀቀች ቁጥር ትንሽ ከፍ እንደሚል አስተዋልኩ። ትከሻ ከፍ፣ ቁልፍ ጫን። ትከሻ ከፍ፣ ቁልፍ ጫን። በሕይወቴ በፈተና እንዲህ ቀንቶኝ አያውቅም። አራተኛ ክፍል እንዲህ ዓይነት ትከሻ ያላት መምህርት ብትኖረኝ ኖሮ ዛሬ ዳኛ ነበርኩ።

በሩን ከፍታ ገባች። ፈገግ ብላለች።

«አባባ፣ ሁሉንም ሰምተዋል» አለች።

«ነገርኳቸው እኮ።»

«ከመጨረሻዎቹ አሥር ግን ስድስቱን አልለቀቅኳቸውም። ትከሻዬን ብቻ ነው ያነሳሁት።»

ተያየን። ሙያዋን አከበርኩ። ወንበሬን በእጇ አዞረችው፤ ፊቴን ወደ ምንጣፉ፣ ጀርባዬን ወደ እሷ።

እንደገና ጀመርን።

ቁልፉን በአውራ ጣቴ ይዤ ጠበቅኩ። ምንጣፉ ላይ አንድ የተጎለጎለ ክር ነበር። ክሩን አየሁ። ጠበቅኩ። አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም። ማሽኗ ተበላሽታ ይሆናል ብዬ ዞር ስል ትከሻዋ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። እየሠራች ነው። ያለማቋረጥ እየላከችልኝ ነው።

ይኸው ነበር እንግዲህ። በሩ ሲደበደብ እንዲህ ነበር።

ዞር አልኩና ክሩን አየሁ፤ እስክትጨርስ ድረስ።

ሐሙስ 24

የነፍሰ ጡሯ ቀን። ዘይት። ማጣሪያ። ቺንጋ። ከዚያ የጥገና መዝገቡን ከፈትኩ። «እርምጃ፦» የሚለው ባዶ ቦታ አሁንም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጥሩ ብዕር ፈለግኩ፤ ጻፍኩ፦

«21 ታየ። ሁለቱም ጆሮ፣ ቀኙ ይብሳል። ቀጭን ድምፅ አይሰማም፤ ከዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም። መሣሪያ ታዟል፣ በሁለት ሳምንት ይገጠማል። የሚድን አይደለም፤ የሚጠገን ነው። ባለፈው ወር በ5 ‹ኩሽኔታው ድምፅ የለውም› ተብሎ የተፈረመው ስህተት ነው። በ23 ‹ሰምቻለሁ› የተባለው ውሸት ነው። በ27 የሆነው ዝናብ አይደለም።»

ፈረምኩበት።

ከዚያ ለጌጁ ብሎን ማጥበቅ ግራሶ ዘንድ ሄድኩ። የሦስት ቫኖቹም ድርጅት መኪናውን የሚያስጠግነው እዚያው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ። ስመለስ መዝገቡን ግራሶ ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት።

«ኧረ ደብተርህ!» ብሎ ግራሶ እስከ በር ተከትሎኝ ጮኸ።

አልሰማሁትም። ምስክር ወረቀት አለኝ።

እሑድ 27

ዝናቡ አባርቷል። ቀኑን በቤት ሥራ አሳለፍኩ። ከቫኗ የተረፈችውን ቀይ አምፖል የበሩ ደወል ላይ አገናኘኋት፤ ዕቃ ማባከን ነውር ነው። ደወሉን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዳቦ ሻጯ አልፋ ስትሄድ ተጫኚልኝ ብያት ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነው የሸሸችው። ሁለቱም ባትሪዎች ጤነኛ ነበሩ።

አምፖሏን ብቻዬን መሞከር ግን አስቸገረኝ። ወጥቼ እጫናለሁ፣ ሮጬ እገባለሁ፤ እስክገባ ትጠፋለች። በመጨረሻ ቁልፉ ላይ የክብሪት እንጨት ሰክቼ ገባሁ። በርታለች። ሳሎኑ በሙሉ ቀይ ሆኗል። ይሠራል። ማን እንደሚደውለው ነው እንጂ። ፖስተኛው ተስፋ ቆርጦብኛል። ግራሶ በመስኮት ነው የሚመጣው። ሌላው ሰው ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ ደግሞ እዚህ ሳህን ላይ ነው።

ዓርብ ዕለት ግራሶ ዘንድ ተመልሼ ነበር፤ ስለ ደብተሩ ግን አልጠየቅኩትም። ስለ ብሎን ነው ያወራነው። ጠረጴዛው ላይ ግን አልነበረም። ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዘይት ጠርገውበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ደብተር ብዙ…

አምፖሏ በራች።

ክብሪቱን ረስቼው ነው። አይ፣ ክብሪቱ ይኸው ከሻዩ አጠገብ ነው።

ጠፋች። በራች፣ ቆየች። ጠፋች። አንዴ ብልጭ። አንዴ ብልጭ።

ሽቦው ተነካክቷል። የሠራሁትን እኔ አውቀዋለሁ፤ አልተነካካም።

እንደገና። ረጅም። አጭር። አጭር።

ይህን ቋንቋ የምንናገር ሁለት ሰዎች ነን፤ አንደኛው ቁጭ ብሎ እየጻፈ ነው።

ረጅም። አጭር። አጭር።

አልተኛሁም። መጣሁ።